«ሆን ብዬ አይደለም»፦ ቸልተኝነት በሕግ ፊትና በእግዚአብሔር ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። ገብር ኄር ማለት መልካም አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ዕለት በቅዳሴ የሚነበበው ወንጌል ጌታቸው አደራ ሰጥቷቸው ስለ ሄደ ሦስት አገልጋዮች ይናገራል (ማቴ. 25፥14-30)። አምስት መክሊት የተቀበለው ሌላ አምስት አተረፈ። ሁለት የተቀበለውም ሁለት አተረፈ። አንድ የተቀበለው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ስለ ሁለቱ ታማኞች ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል። ዛሬ ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ገብር ሀካይ፣ ስለ ሰነፉ አገልጋይ እንነጋገር።

ይህ ሰው ምን አጠፋ? እስቲ ልብ ብለን እንጠይቅ። የጌታውን ገንዘብ አልሰረቀም። አልጠጣበትም፤ አልጨፈረበትም። የተቀበለውን ሳያጎድል መልሶ አስረክቧል። በዛሬው አሠራር ኦዲተር ቢላክበት ጉድለት አይገኝበትም። ሆኖም በውጭ ወዳለው ጨለማ ተጣለ። የተፈረደበት ማድረግ ሲገባው ባላደረገው ነገር ነው። ይህ ኃጢአት በእኛ ቋንቋ ቸልተኝነት ይባላል።

ቸልተኝነትን ከሌላው ኃጢአት ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ሌባ መስረቁን ያውቃል፤ ሐሰተኛ ምስክርም መዋሸቱን ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ሕሊናው ቢወቅሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሊሄድ ይችላል። ቸልተኛ ሰው ግን ራሱን ንጹሕ አድርጎ ነው የሚያየው። ምን አደረግሁ ብሎ ንስሐ ይግባ? መከላከያው አንዲት ቃል ናት፦ «ሆን ብዬ አይደለም»። ይህችን ቃል በሀገራችን ሕግ ፊት፣ በኦሪት ፊትና በወንጌል ፊት አቁመን እንመርምራት።

የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን ሕግ የሚቀጣው ክፉ ያሰበውን ሰው ብቻ ይመስለናል። አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጥፋትን በሁለት ይከፍላል፤ አንደኛው ታስቦ የሚፈጸም፣ ሁለተኛው በቸልተኝነት የሚፈጸም ነው። ቸልተኝነትንም በአንቀጽ 59 ሲያብራራ ሁለት መልክ እንዳለው ያሳያል።

የመጀመሪያው መልክ አደጋው እንዳለ እያወቁ «አይደርስም» ብሎ መዳፈር ነው። ሹፌሩ የመኪናው ፍሬን እንደ ደከመ ያውቃል። መካኒኩም ነግሮታል። እሱ ግን «የዛሬን ልሥራና ነገ አሠራዋለሁ» ብሎ ተሳፋሪ ይጭናል። ማንንም ሊገድል አላሰበም። እንዲያውም ከተሳፋሪዎቹ ጋር አብሮ ተቀምጧል። ነገር ግን አውቋል፤ አውቆም ንቋል።

ሁለተኛው መልክ ጭራሹን አለማሰብ ነው። አንዱ ቤት ሊሠራ ጕድጓድ ያስቆፍርና ገንዘብ ሲያልቅበት ሥራውን ያቆማል። ክረምት ይገባል፤ ጕድጓዱ ውሃ ይሞላል። አጥር የለው፣ ምልክት የለው። የሠፈር ልጆች በዚያ ሲጫወቱ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ለአንድ ቀን እንኳ አላሰበም። «አላወቅሁም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ማወቅ አልነበረብህም ወይ? ብታስብ ኖሮ ማወቅ አትችልም ነበር ወይ? ብሎ ይጠይቃል።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር ያለ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ግን እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ መቀጮም ይጨመርበታል። ለምን ከበደ? አደራ ስለተቀበለ ነው። ብዙ አደራ የተቀበለ ብዙ እንደሚጠየቅ ጌታችንም አስተምሮናል (ሉቃ. 12፥48)።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ አይርቅም። በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሊክስ ይገባዋል ይላል። ጥፋቱ ሆን ተብሎም በቸልተኝነትም ሊሆን ይችላል፤ በማድረግም ባለማድረግም ሊፈጸም ይችላል (አንቀጽ 2028 እና 2029)። መለኪያውም የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው። እንግዲህ ዳኛው «ልብህ ክፉ ነበር ወይ?» ብሎ ብቻ አያበቃም። «በአንተ ቦታ አንድ አስተዋይ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ይላል። በዚህ ጥያቄ ፊት «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለው መልስ ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣም።

ኦሪትና ያልተከደነው ጕድጓድ

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት ለእስራኤል በሰጠው ሕግ ውስጥ ስለ ጕድጓድ የተጻፈ አለ። አንድ ሰው ጕድጓድ ከፍቶ ወይም ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተው፣ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት፣ የጕድጓዱ ባለቤት ዋጋውን ይከፍላል (ዘጸ. 21፥33-34)። አህያውን ማንም አልገፋውም። በእግሩ ሄዶ ነው የገባው። ቢሆንም ኦሪት የሚጠይቀው አህያውን አይደለም፤ ክዳኑን ያልገጠመውን ሰው ነው።

ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን ደግሞ እንመልከት። በሬው ከዚህ በፊት የማይዋጋ ከነበረና ድንገት ሰው ቢገድል የበሬው ጌታ ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለጌታው ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል ግን ጌታውም በነፍሱ ይጠየቃል፤ ካሳ ካልተጣለበት በቀር ሞት ነው (ዘጸ. 21፥28-30)። በሬው አንድ፣ ሞቱም አንድ። ልዩነቱ ጌታው «ተነግሮታል ወይስ አልተነገረውም?» የሚለው ነው። አየን? «አይደርስም» ብሎ መዳፈር በሲና ተራራም ይታወቅ ነበር።

ሌላም አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ሰው እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ይህን ባያደርግና ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል (ዘዳ. 22፥8)። ልብ እንበል፤ ትእዛዙ የመጣው ሰው ከወደቀ በኋላ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይኼን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነን። ልጅ ከሞተ በኋላ ጕድጓዱን እንከድናለን፤ ቤት ከተቃጠለ በኋላ የኤሌክትሪክ ገመዱን እናስጠግናለን።

ወንጌልና «መቼ አየንህ?» የሚሉ ሰዎች

የሀገር ሕግ አንድ ወሰን አለው። ቸልተኝነትን በወንጀል የሚቀጣው ሕጉ በግልጽ ባስቀመጠው ጉዳይ ብቻ ነው። እናቱን ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ እንኳ ያልጠየቀ ልጅ በዚህ ፖሊስ ጣቢያ አይጠራም። ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ምን እንደሚያለቅሱበት የማያውቅ አባት ላይ ዐቃቤ ሕግ ክስ አይመሠርትም። ወንጌል ግን ወደዚያም ይገባል።

ባለጠጋውን ነዌን እናስታውስ (ሉቃ. 16፥19-31)። አልዓዛርን ደበደበው አልተባለም። ከደጁ አባረረው አልተባለም። በየቀኑ በአጠገቡ ወጣ፣ ገባ፤ ይኸው ነው። ምናልባት አላየው ይሆን? አይደለም! በሲኦል ሆኖ ቀና ሲል አልዓዛርን በስሙ ነው የጠራው። ስሙን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስሙን እያወቀ ረኃቡን ቸል አለ።

በአራተኛው እሑድ የምናስበው መጻጉዕም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ታሞ የኖረ ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። የመታው የለም፤ የሰደበው የለም። ጌታችን ሲጠይቀው ያቀረበው ብሶት ግን ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያኖረው ሰው እንደሌለው ነው። በዚያ የሚያልፈው ሕዝብ ብዙ ነበር። እያንዳንዱም ሌላው ያነሣዋል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። በሰው መካከል ሰው ማጣት እንዲህ ነው።

በመጨረሻው ፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙትም እንዲሁ ናቸው። የሚቀርብባቸው ክስ አላበላችሁኝም፣ አላጠጣችሁኝም፣ አልጠየቃችሁኝም የሚል ነው። መልሳቸው ደግሞ ጌታ ሆይ መቼ አየንህ የሚል ነው (ማቴ. 25፥41-46)። ይህ መልስ ከየት ነው የምናውቀው? «አላወቅሁም» ከሚለው ከባለ ጕድጓዱ አፍ አይደለምን? የሀገር ዳኛ «ማወቅ ነበረብህ» ብሎ ያልተቀበለውን መልስ የሰማዩ ዳኛ ይቀበለዋል ብለን አንታለል። ለእነዚህ ታናናሾች ያላደረጋችሁትን ለእኔ አላደረጋችሁትም ይላቸዋል። ሐዋርያው ያዕቆብም መልካም ማድረግን እያወቀ የማይሠራ ሰው ኃጢአት እንዳለበት አስተምሯል (ያዕ. 4፥17)።

በየቤታችን ያለው ቸልተኝነት

እስቲ ወደ ቤታችን እንግባ። ብርድ ሲሆን ከሰል አቀጣጥለን፣ በርና መስኮት ዘግተን እንተኛለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ አይታይም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ስንት ለቅሶ ቤት በዚህ ምክንያት ተቀምጠናል! በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተን ሕፃን በሚደርስበት ቦታ እናስቀምጣለን። የፈላ ድስት መሬት ላይ አስቀምጠን ጎረቤት ጋር ወሬ እንይዛለን። ለጸሎት ያበራነውን ሻማ በሥዕሉ ፊት እንደ በራ ትተን እንተኛለን። ይህን ሁሉ ስናደርግ ክፉ አላሰብንም። እንዲያውም ጸሎት ላይ ነበርን። ነገር ግን እሳት የማን ሻማ እንደሆነ አይጠይቅም።

በሥራ ቦታም አለ። ነርሷ የመድኃኒቱን መጠን ደግማ ሳታይ ትወጋለች። መሐንዲሱ ያላየውን ግንባታ አይቻለሁ ብሎ ይፈርማል። ሹፌሩ ስልክ እያወራ ይነዳል፤ ተሳፋሪውም ትርፍ ሲጫን እያየ «ብቻ እንድረስ» ብሎ ዝም ይላል። የቢሮ ሠራተኛው «ነገ ተመለሱ» ይላል፤ ባለጉዳዩ ግን ለዛሬ ብቻ የሚበቃ ሳንቲም ይዞ ከገጠር የመጣ ነው። በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው አይተን «ፖሊስ ያነሣዋል» ብለን እናልፋለን። ራስን አደጋ ላይ ሳይጥሉ መርዳት ሲቻል ሕይወቱ በጽኑ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ትቶ መሄድን የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 575 ይቀጣል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ቆስሎ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉትም ካህንና ሌዋዊ ነበሩ (ሉቃ. 10፥31-32)። ይህ እኛን ቤተ ክርስቲያን ተመላላሾቹን ሊያስደነግጠን ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የነፍስ ቸልተኝነት ነው። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት እንደሚያቃልሉ ሰምቷል፤ በቃል ወቅሷቸዋልም። ነገር ግን አልከለከላቸውም። የተፈረደበት ይህን እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። እኛስ? የልጃችንን የሒሳብ ውጤት እንጠይቃለን፤ ከማን ጋር እንደሚውል ግን አንጠይቅም። «ንስሐ እገባለሁ፣ ዘንድሮ ይለፍ» እያልን ስንት ዘንድሮ አለፈ? ይህም ፍሬኑ እንደ ደከመ እያወቀ ከሚነዳው ሹፌር በምን ይለያል?

«ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት መቼ ነው የሚገባው?

አንድ ከባድ ነገር እናንሣ። በሀገራችን ሰው ሲሞት ሐዘንተኛን ለማጽናናት «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው» እንላለን። ልጇን ያጣች እናት ይህን ብላ ብትጽናና መልካም ነው፤ እምነቷ ነው። ነገር ግን ይኸው ቃል ከአጥፊው አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ፍሬኑን ሳያሠራ የነዳው ሰው «ምን ላድርግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ሲል የራሱን ስንፍና በእግዚአብሔር ላይ እየጫነ ነው። ገብር ሀካይም ያደረገው ይህንኑ ነው። ተጠያቂነቱን ወደ ጌታው መልሶ አንተ ጨካኝ ነህ አለው። አዳምም የሰጠኸኝ ሴት ናት ብሎ እንደመለሰ እናውቃለን (ዘፍ. 3፥12)። ለሽምግልና የምትቀመጡ አባቶችም ይህችን ነገር አስቡባት። ዕርቅ የተቀደሰ ነው፤ ግን ተበዳዩን «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ ተወው» ከማለታችሁ በፊት በዳዩ «የእኔ ጥፋት ነው» ማለቱን አረጋግጡ። እውነት ያልተነገረበት ዕርቅ ከላዩ የተሸፈነ፣ ከውስጡ ያመረቀዘ ቁስል ነው።

አደጋና ቸልተኝነት አንድ አይደሉም

ይህን ስታነቡ ልባችሁ የከበደ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ምናልባት በእጃችሁ ላይ ሰው ሞቷል። ምናልባት ሕፃን ልጃችሁ ለአንድ አፍታ ከዓይናችሁ ተሰውሮ አደጋ ደርሶበት ሌሊት ሌሊት «ምነው ያን ጊዜ» ትላላችሁ። እንግዲህ ስሙ፤ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም። የሀገራችን የወንጀል ሕግ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰውን ነገር እንደ ጥፋት አይቆጥረውም (አንቀጽ 57)። ሰው አስተዋይ ሆኖ፣ የሚችለውን ሁሉ አድርጎም የማይገታው ነገር አለ። በደል ሳይኖር ራስን መክሰስ የጠላት ወጥመድ ነውና ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

በኦሪትም እንጨት ሊቆርጥ ወጥቶ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ለገደለው ሰው መጠጊያ ተሰጥቶት ነበር (ዘዳ. 19፥4-5)። 6 የመማፀኛ ከተሞች ነበሩ። ይህ ሰው በአንዱ ገብቶ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ይቀመጥ ነበር፤ ከሊቀ ካህናቱ ሞት በኋላ ወደ ርስቱ ይመለሳል (ዘኍ. 35፥13-28)። ነገሩ ለእኛ ግልጽ ነው። ሊቀ ካህናታችን ክርስቶስ በመስቀል ሞቶልናል። ስለዚህ በእውነት በቸልተኝነት የበደለም ቢሆን የሚመለስበት ርስት አለው። መንገዱ ግን በንስሐ በኩል ነው፤ «ሆን ብዬ አይደለም» በሚለው አቋራጭ በኩል አይደለም።

በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

ጾም የሰውነት ረኃብ ብቻ አይደለም፤ የልብ መንቃት ነው። የሚጾም ሰው ሊጎርስ ሲል እጁን ይገታና «ጾም ነው» ብሎ ያስባል። በሌላው ቀን ሳያስብ የሚያደርገውን አሁን አስቦ ያደርገዋል። ይህችን ማሰብ ከማዕድ አውጥተን ወደ ኑሮአችን ሁሉ እንውሰዳት።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ቤታችንን በአስተዋይ ሰው ዓይን እንየው። ከሰሉ፣ ሻማው፣ በረኪናው፣ የተላጠው የኤሌክትሪክ ገመድ። በበራችን ፊት ያልተከደነ ጕድጓድ ካለ የእኛ ባይሆንም እንኳ እሾህ ወይም ድንጋይ እናስቀምጥበት፤ ለሚመለከተውም እንናገር።

ሁለተኛ፣ ወደ ንስሐ አባታችን ስንሄድ ያደረግነውን ብቻ አንቁጠር። «አባቴ፣ ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግሁት ይህ ነው» ብለን እንናዘዝ። ያልጠየቅነው በሽተኛ፣ ያልከፈልነው የሠራተኛ ደመወዝ፣ ያልመለስነው አደራ፣ ያላስተማርነው ልጅ።

ሦስተኛ፣ በቸልተኝነታችን የተጎዳ ሰው ካለ ፋሲካ ሳይደርስ እንፈልገው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የበደለውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ እንጂ አዝኛለሁ ብሎ ብቻ አልተቀመጠም (ሉቃ. 19፥8)። መካስ የምንችለውን እንካስ። ሊካስ የማይችለውን፣ የጠፋ ሕይወትን ወይም የጎደለ አካልን፣ ቢያንስ ፊት ለፊት ቆመን «ጥፋቱ የእኔ ነው» እንበል። ለተበዳይ ይህች ቃል ከገንዘቡ የምትበልጥበት ጊዜ አለ።

ምእመናን ሆይ፣ ለገብር ሀካይ የተሰጠው መክሊት አንድ ነበር። ለእኛ የተሰጠን ምናልባት አንድ ልጅ ነው፤ አንዲት አሮጊት እናት ናት፤ አንድ መሪ፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ፊርማ ነው። ጌታው ሲመለስ የሚጠይቀን ስለዚያው ስለ አንዱ ነው። የተሰጠንን አደራ በትጋት ጠብቀን፣ ገብር ኄር ከተባሉት ጋር ወደ ጌታችን ደስታ እንድንገባ አምላካችን ይርዳን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።